የመቶ አለቃው የራስ ቁር

ጥር 15 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፤ ቡሬ

ለቀለም የእንቁላል አስኳሉን ከነጩ ለየሁ። ቀዩን አፈር ፈጨሁ፣ ነፋሁ፤ አሁንም ሻካራ ነው። እንደገና ፈጨሁ።

ተሰማ መጣ። ፊደል ያስቆጠርሁት ተሰማ፣ ዛሬ የጣልያን አስተርጓሚ። እንደምን አደሩ የኔታ ይላል፣ ቀና ብሎ ግን አያየኝም። ከኋላው መቶ አለቃው አለ (ካሁን ወዲያ መ/አ እለዋለሁ)። በብብቱ የራስ ቁር ይዟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መ/አ በአገሩ በሞተር ብስክሌት ይሽቀዳደም ነበር። ጥር 28፣ እሑድ፣ ከሌሎች መኮንኖች ጋር ከዚህ እስከ ማንኩሳ ደርሶ መልስ ይወዳደራል። የቁሩ ቀለም ተላልጧል። ቀይ ሆኖ ግንባሩ ላይ ጭልፊት እንዲሣልበት ይፈልጋል። ማስተማሩን ከተውሁ ወዲህ የሣልሁትን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይቶ ነው የመጣው።

እምቢ ልል አፌን ስከፍት የበላይነህን ስም ጠራ። አብራኝ የምትኖረው እህቴ የትርንጎ ልጅ ነው። ለሽፍታ እህል ጭነሃል ብለው ምሽጋቸው ውስጥ ካሰሩት ሰነበተ። ቁሩን በውድድሩ ዋዜማ ቅዳሜ አምጣ፣ ልጁን ያን ዕለት ውሰድ አለ። ፈገግ አለ። ጥርሱ ያማረ ነው።

ባልጨርስስ ብየ አልጠየቅሁም። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ጎተራው ሲነድ፣ ይኸው ሰው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ሲልጥ አይቸዋለሁ።

ጥር 16፣ ማክሰኞ

ቁሩን ፀሐይ ላይ አውጥቼ መረመርሁት። ላዩ ጨርቅ በጨርቅ ላይ በሙጫ ተደራርቦ የደረቀ ነው፤ እኛ ሸራ ግድግዳ ላይ እንደምንለጥፈው ያለ ሥራ። ከሥሩ ቡሽ። ከቡሹ ሥር ስስ ቆዳ፣ ከጆሮ ላይ የሚወርድ ጠፍር። በጣት ሲያንኳኩት እንደ ደረቅ ቅል ይጮኻል። ሰውየው ሲወድቅ ራሱን የሚያድነው ይህ ድርቀት ነው። ላዩን ማሳመር ቀላል ነው፤ ድርቀቱን ሳይነኩ ማሳመር ነው ሥራው።

መ/አ ከጋራዡ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም ልኳል። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። በቀጥታ አልቀባም። ቁራጭ ጨርቆች በሙጫ ደራርቤ ለሙከራ አደረቅሁ።

ጥር 18፣ ሐሙስ

የፈራሁት ነው። የጋራዡ ቀለም የነካው ቁራጭ ለሰለሰ፤ ንብርብሩ በጥፍር ይላቀቃል። በእኔ ቀለም የተቀባው እንደ ደረቀ ነው። ካቲካላም ሞከርሁ፣ አሮጌውን ቀለም ለማንሳት። እሱም ሙጫውን ይፈታል። አይሆንም። በደረቀ የዋንዛ ቅጠል ቀስ እያልሁ ፈገፈግሁት። ክንዴ ዛለ።

የጋራዡን ቀለም እንደማልጠቀም ለመ/አ ንገርልኝ አልሁት ተሰማን። ፊቱ አመድ መሰለ። ቢሆንም ተረጎመው፤ እንዴት አድርጎ እንዳለሰለሰው እንጃ። መ/አ ትከሻየን መታ መታ አደረገ። መመታቱን አልወደድሁትም።

ጥር 21፣ እሑድ፣ ማርያም

ሥራ የለም።

ከቅዳሴ በኋላ ተሰማ ከዋርካው ሥር ጠበቀኝ። እስረኞቹን ከውድድሩ ማግስት ሰኞ በካሚዮን ወደ ደብረ ማርቆስ ይጭኗቸዋል። ከዚያ ወዴት እንደሆነ እሱም አያውቅም። ካሁን በፊት ከተጫኑት የተመለሰ ሰው አልሰማም።

ስለዚህ ቅዳሜ ማለት ቅዳሜ ነው።

ለትርንጎ ነገርኋት። አላለቀሰችም። ስንቅ ልታደርስ ምሽጉ ድረስ ሄዳ እንጀራውን ዘበኞቹ ፊቷ በልተውት ነው የተመለሰች። ምጣዷን እያበሰች ቁሩን ታየዋለች፣ የታመመ ሰው እንደሚያዩት።

ጥር 23፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ቀዩ ሦስት ጊዜ ተቀባ፣ እየደረቀ። ጭልፊቱን ዛሬ ጨረስሁ። ዓይኑ ትንሽ ሰፋብኝ፤ እጄ የለመደው የመላእክት ዓይን ነው።

ትርንጎ ራቅ ብላ አየችውና ልጇ ከታሰረባት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «አያ፣ ይኼ ጭልፊት እኮ እንደ ዲያቆን ነው የሚያይ! ዶሮ ቢያገኝ ባርኮ ይለቃታል።»

እኔም ሳቅሁ። ደግ ቀን።

ነገ ማንኩሳ ለድንበር ሽምግልና ተጠርቻለሁ፤ ቀድሞ የገባሁበት ነገር ስለሆነ መቅረት አይሆንልኝም። ቀለሙ በጥላ ይደርቃል። ቀለሙን እንዳትነኪ አልኋት። ደግሜም አልኋት።

ጥር 25፣ ሐሙስ፣ 9 ሰዓት

ገና በሩን ሳልፍ ሸተተኝ። ቅቤና ጢስ።

ቁሩ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል፣ አገልግል በሚሰቀልበት። ቀለሙ ምንም አልሆነም። ጭልፊቱ ያምራል። ገልብጨ ውስጡን አየሁ። ቆዳው ይወዛል። ቡሹ ቅቤ ጠጥቶ ጠቁሯል። በጣቴ አንኳኳሁ። አይጮኽም። እርጥብ ሊጥ እንደመምታት ነው። ጫን ስለው ንብርብሩ ከውስጥ ይንሸራተታል።

ትርንጎ ቆማ ታየኛለች። ጠፍሩ ደርቆ ሲንቋቋ አይታ ነው። በአገሩ ሁሉ እንደሚደረገው ቆዳውን ቅቤ አጠጣችው፣ እንዲሰርግ ጢስ ላይ ሰቀለችው። ቀለሙንስ አልነካሁም ትላለች። እውነቷን ነው፤ እኔም ያልኋት ቀለሙን ብቻ ነው።

«ልጄን የያዘ ሰው ነው። ጠፍሩ ጆሮውን ሲልገው ልጄ ላይ እንዳይናደድ ብየ ነው አያ።»

ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆምሁ። የሞተር ድምፅ ይሰማል። መ/አ መንገዱን እየተለማመደ ነው።

ጥር 26፣ ዓርብ

ደብተሬ ሆይ፣ ሳልሞክር አልተውሁም። የሞቀ አመድና የጤፍ ዱቄት ሞላሁበት። ቅቤውን መጠጠ፤ ሦስት ጊዜ ለወጥሁት። የተፈታው ሙጫ ግን አይመለስም። ጨርቁ ቅባት ስለነካው አዲስ ሙጫ አይይዝም። ቡሹ በጣት ይፈረፈራል። ላዩን ላየው ሰው እንከን የለበትም። ይኸ ነው የሚያስፈራኝ።

ለትርንጎ አስረዳኋት። ሳልጨርስ ገባት። እግሬ ላይ ወደቀች። ዝም ይበሉ፣ ያድርገው፣ እኛ ተሽቀዳደም አላልነው ትላለች። አነሳኋት። ዝም ብል ልጁ ይወጣል። ብናገር ሰኞ ካሚዮኑ ላይ ነው።

ተሰማ ሥራውን ሊያይ መጣ። ለእሱም ነገርሁ፤ መንገር አልነበረብኝም ይሆናል። መጀመሪያ በሩን ዘጋ።

«የኔታ፣ ይችን ነገር በእኔ አፍ አያስገቧት። አልተረጉማትም። ይናገሩ ቢሉኝ፣ መልካም ዕድል ይመኝልዎታል እለዋለሁ።»

ቢሞትሳ አልሁት።

«የጎተራው ዕለት ለእኛ ማን አዘነ?»

ተሰማ ከሄደ ወዲህ ደጋግሜ አስባለሁ። ብርቱካኑን ሲልጥ ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር አስባለሁ። ይውደቅ! ብየ ጮክ ብየ ተናገርሁ፣ ቤት ውስጥ ብቻየን። ከዚያ ደነገጥሁ። ቢወድቅ ቁሩን ያነሳሉ፣ ይከፍሉታል፣ ቅቤውን ያሸቱታል። ሆን ተብሎ ነው ይላሉ። በዚያ መንደር ጎተራ የነደደው ስለ አንድ የተቆረጠ የስልክ ሽቦ ነው። ለመኮንን ራስ ምን ያነዱ ይሆን? ቡሬን?

እሱም ባይሆን፤ መበላሸቱን የማውቀውን ነገር ደኅና ነው ብየ ሰው ራስ ላይ አኑሬ አላውቅም። ጠላትም ቢሆን ራስ ነው።

ራት አልበላሁም።

ጥር 27፣ ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት

አስረከብሁ። የፈረድሁትን ፈርጃለሁ፤ ልጁ ይቅደም።

መ/አ ቁሩን ፀሐይ ላይ አዟዟረው። ጭልፊቱን ባየ ጊዜ እንደ ልጅ ጮኸ። አጠለቀው። ጠፍሩ ለስልሶ ጆሮው ላይ ልክ ሆነለት፤ ለተሰማ አንድ ነገር አለው። ከስንት ቀን በኋላ የማይልገኝ ሆነ ይላል አለኝ ተሰማ፣ መሬት መሬት እያየ። ከዚያ መ/አ ራሱን በጡጫ መታ፣ ጥንካሬውን ሊያሳየን። ዓይኔን ጨፈንሁ። በዝግታ ነበር የመታው።

በላይነህን አወጡት። ያነክሳል። ሁለት የእግር ጣቶቹ ጥፍር የላቸውም። አጎቴ ጠቁረዋል አለኝ፤ እሱ ነው ጠቆሩ የሚለኝ። እናቱ ነጠላዋን አልብሳ፣ አቅፋ፣ እየጎተተች ወሰደችው።

ያን ዕለት ውሰድ ያለውን አደረገ። ቃሉን ጠበቀ። ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም፣ ግን ጻፍሁ።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ሄዱ። ትርንጎ ልጇ ከወጣ ግሽ ዓባይ ጸበል ልትወስደው ተስላ ነበርና፣ ዛሬውኑ ስለትሽን አድርሺ አልኋት። በቅሎየን ሰጠኋቸው። ሲነጋ ሰከላ አፋፍ ላይ ይሆናሉ፤ ከዚያ ማዶ የጣልያን እጅ እምብዛም አይደርስም። ልጁ ስለ ቁሩ ምንም አያውቅም። እናቱ ግን ልጓሙን ይዛ ቆመች።

«አያ፣ አንቱስ?»

እከተላለሁ አልኋት። እንደማልከተል ገብቷታል። ጉልበቴን ስማ ሄደች።

ከመሄዳቸው በፊት በላይነህን አንድ ነገር ጠየቅሁት። እስር ቤት ከዘበኞቹ ጥቂት ጣልያንኛ ቃርሟል። የራስ ቁር ምን ይሉታል? ካስኮ። የተሰበረስ? ሮቶ። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሽማግሌ ሲቦዝን ይማራል አልሁት። አስተካከለኝ፤ «ቶ»ን ጠበቅ ያድርጉ አጎቴ፣ እንደ ጅራፍ ትጩህ አለኝ። እንደ ተማሪ ደገምሁለት። ጎበዝ አለኝ።

ተሰማ ካልተረጎመ አይተርጉም፤ በሁለቱ ቃል ራሴ እነግረዋለሁ። ውድድሩ ከቅዳሴ በኋላ ነው። መ/አ በማለዳ ሞተሩን እያበሰ ምሽጉ በር ላይ ይሆናል። ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ስቆ ሌላ ቁር ይዋስ ይሆናል። ሊተኩስም ይችላል። ሁለቱንም ፊቱ ላይ አይቻለሁ።

ነጩን ኩታየን አጥቤ አሰጣሁ። ደርቋል። ብሩሾቹን አጥቤ በጨርቅ ጠቀለልሁ።

ካስኮ ሮቶ። ካስኮ ሮቶ። አሁን ይሻላል።

ሲነጋ እሄዳለሁ።