ዓርብን የሚያውቁ ጦጣዎች

ዓርብ፣ ኅዳር 9 ቀን 1998፣ ከሚሴ

ዛሬም ጥብቅ ደኑን ዞሬ ያየሁት አራት ጦጣ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቴ መኪና የሚሰጠኝ ዓርብ ዓርብ ብቻ ስለሆነ ክረምቱን በሙሉ የቆጠርኩት በዚሁ ቀን ነው። «ጦጣዎቹ እየጠፉ ነው» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ፤ በዚያው ሰበብ ገበሬዎቹ ከደኑ ሣር እንዳያጭዱ ተከለከሉ።

ስመለስ ከደኑ ሥር የሚያርሱት አባ መሐመድ ከጁምዓ ሲመጡ አገኘኋቸው። ጦጣዎቹ ወዴት እንደሄዱ ጠየቅኳቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዓርብ ደን ውስጥ ምን ይሠራሉ? እኛ መስጊድ ስንገባ እነሱ ማሽላችን ውስጥ ናቸው» አሉኝ።

ማሳቸውን አሳዩኝ። የተጋጠ የማሽላ ራስ በየቦታው ወድቋል። የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ ሰምተው የሚወርዱ መስሎኝ ይህንኑ አልኳቸው።

«መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ዛሬ ያለ ማጉያ ነው የሰገድነው» አሉ። ከዚያ ሳቅ ብለው፣ «ወላሂ፣ ጁምዓን ከልጆቻችን በላይ ያውቃሉ።»

ማሽላቸውን ጦጣ በላው፣ ሣራቸውን የእኔ ሪፖርት። ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

ሰኞ በእግሬም ቢሆን ወጥቼ እንደገና እቆጥራለሁ። ግን ያለ ማጉያ ዓርብ መሆኑን በምን አወቁ? የእኔንስ መምጫ ቀን ያውቁት ይሆን?