ፍራሹ የእኔ ነው ብያለሁ

ይርገዱ፣

ይህን እንዳነበብሽ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

አንቺ ገበያ እንደወጣሽ የቀበሌ ጥበቃዎች በሩን ገንጥለው ገቡ። ሳጥንሽን ሰባበሩት። ፍራሽሽን በሳንጃ ሲቀድዱት ያቺ የተከለከለች በራሪ ወረቀት ዱብ አለች።
ቤት እንዳታስገቢያት ብዬሽ አልነበር? ይሁን አቦ።

ፍራሹ የእኔ ነው አልኳቸው። አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩት ሴትዮ እንዲያ ያለ ጽሑፍ ታነባለች ብለው ሲያምኑኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ኮራሁ። ከዚያ በሰደፍ ጀርባዬን ቀጠቀጡኝ፤ ጥርሴም ወለሉ ላይ ቀረ። እስከ ቀትር ቀበሌ ቅረቢ ብለውኛል። ካልሄድኩ አንቺን ፍለጋ ይመለሳሉ።

ሰርተፊኬትሽን፣ የድጋፍ ደብዳቤሽንና የዩኒቨርሲቲውን ፎርም በሩ ሲመታ መቀነቴ ሥር ሸጉጫቸው ነበር። አሁን በላስቲክ ተጠቅልለው ዶሮ ቆጡ ሥር አሉ። ጫፋቸውን ደም ነክቶታል፤ ቀለሙ እንዳይለቅ ብዬ አላጠብኩትም።

ትናንት የድጋፍ ደብዳቤሽን የፈረመልሽ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው ዛሬ በጫማው የረገጠኝ። ፊርማውን ሳይሽር ፍጠኚ። ዛሬ ከዚራ ሰፈር እህቴ የሺመቤት ዘንድ እደሪ፤ በጠዋቱ ባቡር አዲስ አበባ ገብተሽ ፎርሙን በእጅሽ አስረክቢ። የፎርሙ ፎቶ ላይ እንደ ዳኛ ተኮሳትረሻል፤ ሌላ ለመነሳት ግን ጊዜ የለም።

ቀበሌ እንዳትመጪ። ከተያዝሽ የተደበደብኩት ለከንቱ ነው።

አንድ ነገር ቀረ። የመጀመሪያ ምርጫሽን ሕግ ብለሽ እንደሞላሽ አየሁ። በዚህ ዘመን? ሰርዢውና ሕክምና በይ፤ ጀርባዬን የሚያይልኝ ሰው ያስፈልገኛል።

እናትሽ የኔነሽ