የቤቴን ሦስት ቁልፍ ለያዙት ሊቀመንበር

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከማዕድ ቤቴ ጀርባ ስላለው ክፍል ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ለጉልበትዎ ደግሞ ለብቻው እመኛለሁ፤ በጓሮ በሬ ገብተው በማዕድ ቤቴ ሲያልፉ ከፍ ያለው ደፍ እንደሚያስቸግርዎ ደጋግሜ አይቻለሁና። እኛ ደህና ነን። ደህና መሆናችንን መጻፌ ግን ለወጉ ያህል ነው፤ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደቀረን ሳይቀር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ሳያውቁ አይቀሩም።

ፊቴን እንጂ ሥራዬን ላያስታውሱት ይችላሉ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ የምቀርጸው ሰው ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው በር ስከፍት ኖሬ፣ ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ሆነን ግራውንድ ላይ ያለውን ባለ ሁለት መኝታ ቤት ገዛን። የመጀመሪያ ቤታችን ነው። ሁለት መኝታ ያስፈለገንም ለቅንጦት አልነበረም። እናቴ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን በኪራይ ቤት ጨርሳ በመጨረሻ እህቴ ዘንድ ሶፋ ላይ ትተኛ ነበር። «ቤት ስንገዛ በሩ የሚዘጋ የራስሽ ክፍል ይኖርሻል» ብዬ ቃል ስለገባሁላት ነው። ከቤት ግዢ ብዙ ትምህርት አገኘሁ፤ ትምህርቱን የሰጡኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ ስለ ተዘጋው በር። ቤቱን ሦስት ጊዜ መጥተን አይተነዋል። ሦስቱንም ጊዜ ደላላው የቀጠረን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚገባው ብርሃን ያምራል እያለ። ያምር ነበር። ሻጯ ወይዘሮ ሳሎኑን፣ ትልቁን መኝታ ቤትና ማዕድ ቤቱን አንድ በአንድ ከፍተው አሳዩን። ሁለተኛው መኝታ ቤት ጋ ስንደርስ ግን «ቁልፉ ወንድሜ ጋ ነው፤ ባዶ ክፍል ምን ይታያል ብላችሁ ነው?» አሉን። የተከበሩ ሊቀመንበር፣ በዚያች ሰዓት የበር መክፈቻ መሣሪያዬ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ያንን በር ለመክፈት፣ ጉራ አይሁንብኝና፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። እኔ ግን ይሉኝታ ያዘኝ፤ ሴትዮዋ ጭማቂ ቀድተውልን፣ ልጅ እንዳለን ጠይቀውን፣ እንዴት አድርጌ ቤትዎን ካልፈተሽኩ ልበል? የማያውቁኝን ሰዎች በር በቀን አሥር ጊዜ የምከፍት ሰው፣ የዕድሜ ልክ ቁጠባዬን የማፈስበትን በር ክፈቱልኝ ለማለት አፈርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እሰማ ነበር፤ ጠርጥሮ ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚሆን ግን የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛ፦ ስለ ሞቀው አቀባበል። ዕቃ ያስገባን ዕለት ከየፎቁ ወርዶ «ቤት ለእንቦሳ» ያላለን ጎረቤት አልነበረም፤ እኛም ደስ ብሎን «እንቦሳ እሰሩ» አልን። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት መምህርት እጄን ጨብጠው «እንቅልፍ ላይ እንዴት ናችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። እንዴት ያሉ አሳቢ ሰው ናቸው ብዬ ለባለቤቴ አወራሁላት። በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ፣ ቁልፉ ነገ ይመጣል ተብለን ያልከፈትነው የተዘጋው ክፍል ውስጥ አንድ ነገር አጓራ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ ባለቤቴ ልጃችንን አቅፋ ወደ ደጅ ሮጠች። እኔ መዶሻ ይዤ ማዕድ ቤት ስደርስ የሕንፃው ጥበቃ ከሁለተኛው መኝታ ቤታችን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና «እንደምን አደራችሁ» አለኝ። ለሃያ አራት አባወራ ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው ሞተር እኛ ቤት እንደሚኖር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እንቦሳው ቀርቶ እኛ ጋ የታሰረው ሞተር ሆነ፤ ይህንንም ከእኛ በስተቀር የማያውቅ አልነበረም።

ሦስተኛ፦ ስላልጠበቅናቸው ወጪዎች። ደላላው ከሻጭም ከገዢም እንደሚቀበል፣ ቀለሙ ሲላጥ ከሥሩ ሻጋታ እንደሚወጣ፣ የስም ማዛወሪያው ሌላ፣ የፋይል መክፈቻው ሌላ እንደሆነ ማንም የገዛ ሰው ሊነግረን ይችል ነበርና በእነዚህ እርስዎን አላደክምም። የሚደንቀኝ እርስዎ ፈርመው የሰጡን ደብዳቤ ነው። ቤቱ «ከማናቸውም ዕዳና ግዴታ ነፃ» መሆኑን ይመሰክራል፤ ማኅተሙም ደማቅ ነው። የአገልግሎት ተብሎ የከፈልነውን አልቆጭበትም፤ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ በነፃ አይነበብም። ደብዳቤው በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ሻጯ ያልከፈሉት የአሥራ አንድ ወር መዋጮ በእኔ ስም መጣ። ቀጥሎ የመብራት ቢል መጣ፤ ሞተሩ የተገናኘው ከእኔ ቆጣሪ ጋር ነው። ከላይ የሚከፈት ሻወር ሁሉ በእኔ ሂሳብ ይወርዳል። ስጠይቅዎ «ለማኅበረሰቡ ያለህን አስተዋጽኦ እናደንቃለን» አሉኝ። አድናቆትዎን ይዤ መብራት ኃይል ብሄድ አይቀበሉኝም ብዬ ጠርጥሬ ቀረሁ።

አራተኛ፦ ክፍሉ ሲከፈት እንዳየሁት ሞተሩ የያዘው አንዷን ጥግ ብቻ ነው። በቀረው ላይ የማኅበሩ አርባ የፕላስቲክ ወንበርና የገንዘብ ያዣችን የተበላሸ ፍሪጅ ተቀምጠዋል። ፍሪጁ የጋራ ንብረት የሆነው በየትኛው ስብሰባ ነው?

አምስተኛ፦ ስለ ቁልፉ። ባለቤቴ ከቤት ግዢው በኋላ ጥርጣሬ እንደ ብርድ ገብቶብሃል ትለኛለች። እውነቷን ነው። ደላላውን ጠረጠርኩ፣ ጥበቃውን ጠረጠርኩ፣ መምህርቷን ሳይቀር ጠረጠርኩ። ባለፈው ወር ጥበቃው የጓሮውንም የክፍሉንም በር የሚከፍተውን ቁልፍ ጓሮ በር ላይ ረስቶት ሄደ፤ ነቅዬ ልመልስለት ብዬ ሳየው እጄ ላይ ቀረ። እኔ በምቀርጸው ቁልፍ ሁሉ ላይ ከአንገቱ ሥር በሞረድ አንድ ቀጭን መስመር እጭራለሁ፤ ሥራዬ እንደሆነ እንዳውቅበት ነው። መስመሯ አለች። ሱቄ ሄጄ ሳስብ ዋልኩ፤ ትዝ አለኝ። ቤቱን ከመግዛታችን አራት ወር ቀደም ብሎ፣ ዝናብ በሚያካፋበት ከሰዓት፣ ግራጫ ካፖርት የለበሱ ትልቅ ሰው አንድ ቁልፍ ይዘው መጥተው ሦስት አስቀረጹ። የምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ «የእህቴ መጋዘን ነው» ያሉኝ ራስዎ ነዎት። ለትልቅነትዎ ብዬ ዋጋ ቀነስኩልዎ። ሲሄዱም መረቁኝ፤ «ቤት ይስጥህ» አሉኝ።

ምርቃትዎ ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሻጯ «ቁልፉ ወንድሜ ጋ ነው» ሲሉ፣ እርስዎ «የእህቴ ነው» ሲሉ፣ ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ሞተሩን እህትዎ ቤት አስገቡ፤ እህትዎ እንቅልፍ ሲያጡ ከወንድም ከሚጣሉ ብለው ቤቱን ሸጡ፤ ለሽያጩ ዕዳ የለበትም ብለው የፈረሙት ደግሞ እርስዎ ነዎት። እንዲህ የተሳሰበ ቤተሰብ በዚህ ዘመን ብርቅ ነው። እኔ ሰው ስጠረጥር የከረምኩበትን የቤቴን ቁልፍ በገዛ እጄ፣ ያውም በቅናሽ፣ ቀርጬ ሰጥቻለሁ።

ስድስተኛ፦ እዚህ ላይ ቀልዱን እተወዋለሁ። እናቴ የምትተኛው ሳሎን ነው፤ ከማዕድ ቤቱ የሚለያት በር የለም። ጥበቃው፣ ገንዘብ ያዡና እርስዎ በየተራ በየቁልፋችሁ ስትገቡ የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ አየች። በሁለተኛው ሳምንት ድምጿን ዝቅ አድርጋ መናገር ጀመረች። ያጠበችውን ልብስ ጓሮ ማስጣት ተወች። የአባቴን ፎቶ ልሰቅል ምስማር ሳነሳ «ተው ልጄ፣ ግድግዳ በሳችሁ ይሉናል» አለችኝ። አንድ ቀን አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ ጉልበቴን ይዛ፣ «እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣህም፤ ይሄ ቤት ኪራይ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቤት ገዛሁ ያልኳት ላስደስታት ብዬ የዋሸሁ መስሏታል። ካርታውን አውጥቼ ስሜን በጣቴ አሳየኋት። አየችው፤ አጥፋ መለሰችልኝ። «እኔ ስድስት ቤት ተከራይቻለሁ» አለች፤ «በስድስቱም ሳያንኳኳ የሚገባው አከራዩ ነበር።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እናቴ ተረቱን እኔ ሳልነግራት ታውቀዋለች። የከፈልኩት ገንዘብ እንደዚያ ዕለት አላንገበገበኝም። አፈርኩ። ያፈርኩትም በእርስዎ ሳይሆን በራሴ ነው።

ሰባተኛውን ምስጋና ባለቤቴ አንብባ ቀዳ ጥላዋለች፤ ይህ ደብዳቤ ለሚለጠፍበት የጋራ ሰሌዳ የሚሆን ቋንቋ አይደለም ብላ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ የውላችንን የመጨረሻ ገጽ ዘግይቼም ቢሆን አነበብኩት። ገዢ ሁሉ ከዚያ ገጽ ቢጀምር ይሻለዋል። ገጹ ላይ የጸደቀው የሕንፃው ፕላን አለ። የእኔ ክፍል «መኝታ ቤት ሁለት» ተብሎ ተጽፏል። «የፓምፕ ክፍል» የሚለው የተጻፈው ከዋናው መግቢያ አጠገብ ባለው ክፍል ላይ ሲሆን፣ በአሁኑ ሰዓት እዚያ የሚገኘው ፀጉር ቤት ነው። ፀጉር ቆራጩን አልወቅስም፤ እኔንም ይቆርጠኛል፤ ኪራዩንም በየወሩ ሳያዛንፍ ለእርስዎ እንደሚያስረክብ ነግሮኛል። በስምንት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ግን ያ ኪራይ ስሙ አልተነሳም። ጠርጣራ ነኝ ብያለሁ፤ ስለዚህ የፕላኑን ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ ጎረቤቶቼም እየቆሙ እንዲጠረጥሩ በአክብሮት ጋብዣለሁ።

ሞተሩ እስከ ወሩ መጨረሻ ወደ ፓምፕ ክፍሉ እንዲመለስልኝ፣ ወንበሮቹና ፍሪጁ ደግሞ ከዚያ ቀድመው እንዲወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እስከዚያው ውሃ እንደማይቋረጥ ለሁሉም ጎረቤቶቼ አረጋግጣለሁ፤ ፎቅ ላይ ጨቅላ ያላት እናት አለች፣ እርስዎን ለመቅጣት ብዬ እሷን አላስጠማም። የጓሮውን በርና የክፍሉን ቁልፍ ግን ከትናንት ወዲያ ቀይሬያቸዋለሁ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። በእርስዎ፣ በጥበቃውና በገንዘብ ያዡ እጅ ያሉት ሦስቱ ቁልፎች ከእንግዲህ ምንም በር ስለማይከፍቱ ለማስታወሻ ቢያስቀምጧቸው ቅር አይለኝም። የአዲሱ ቁልፍ ብቸኛ ቅጂ እናቴ ዘንድ ነው። ሞተሩን ለማስነሳት የሚመጣ ሰው ያንኳኳል።

ለጊዜዎ፣ ለፊርማዎና ለምርቃትዎ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ያገኘሁትን ትምህርት ለመጪው ገዢ ሁሉ እንደማስተላልፍ ቃል የምገባ፣

ቁልፍ ቀራጩ ጎረቤትዎ
ግራውንድ፣ መኝታ ቤት አንድ (ለጊዜው)

ግልባጭ፦
ለእህትዎ፣ ባሉበት ጸጥታ
ለደላላው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ
ለገንዘብ ያዡ፣ ከፍሪጁ ጋር

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ትናንት ጠዋት ውሃው ሦስተኛ ፎቅ የደረሰው ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ እንደነበር ሰምቻለሁ። ጥበቃው በሰዓቱ አንኳኩቶ ነበር። እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሳ «ማነው?» አለች፤ ድምጿ እስከ ደረጃው ተሰምቷል። ማንነቱን ከተናገረ በኋላም ቆይ አለችው፤ ቆየ። ቅሬታ ከመጣብዎ የቤቱ ባለቤት ፀጉሯን እያበጠረች ነበር ብለው ያስረዱልኝ።