በርሜሉ እስኪመለስ

ኅዳር 5 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ዓርብ ማታ

ደብተርዬ፣ ዛሬም እጄ ይነዳል። ቅቤ ቀባሁት፣ በአመድ አሸሁት፣ ወይ ፍንክች። እርሳሱን የያዝኩት በጨርቅ ጠቅልዬ ነው። በርበሬ ለቃሚ ሆኜልሻለሁ። ለቀማው እስኪያልቅ ት/ቤት የለም ብሏል ወንድሜ ሸረፋ። መሬቱ የባላባቱ፣ እኛ ጭሰኞች። በለቀማ ጊዜ ከየቤቱ ሴቶቹ ይወጣሉ፤ ደንቡ ነው። ማን ያወጣው ደንብ? እኔ እንጃ።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ነገር። ማሳው ራስጌ የነበረው የውሃ በርሜል የለም። የባላባቱ ካቦ ደምሴ አስነስቶታል። ረመዳን ነው፣ ጾመኛ ውሃ ምን ያደርግላታል አለ። ሳቀም። ክርስቲያኖቹስ? ይቻሉት። የእጅ መታጠቢያውስ? ወንዙ ከታች ነው፣ ቅርብ። ግን መስመርሽን ሳትጨርሺ መውረድ የለም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

መጻፍ አልፈልግም። እጽፋለሁ።

ራህመት፣ የሸረፋ ሚስት፣ ነስሩን አዝላ ትለቅማለች። ገና ጡት የሚጠባ ሕፃን ነው። ስለምታጠባ አትጾምም፤ ውሃ እሷም ትፈልጋለች። ልጁ አለቀሰ። ወንዝ ወርጄ እጄን ልታጠብ ብላ ለመነች። መስመርሽን ጨርሺ ተባለች። እጇን በሣር ጠረገች፣ በቀሚሷ ጠረገች፣ አጠባችው። የበርበሬ እጅ በሣር ይለቃል? እንባውን ስታብስለት በርበሬው ዓይኑ ገባ። ጩኸቱ ቡታጅራ ገበያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

አሁን ግራ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ራህመት ራሷን ትረግማለች። እኔ ሌላ ሰው እረግማለሁ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ሚ/ር ራሞን ቤት መጣ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን። ከአሜሪካ ነው፤ ጠይም ስለሆነ ግን ከተማው ሁሉ ሐበሻው ፈረንጅ ይለዋል። ለምን ቀረሽ ሊለኝ ነው የመጣው። እጄን አየ። የነስሩን ዓይን አየ። ጥያቄውን ተወው።

ከዚያ በዚያ ስብርባሪ አማርኛው ስለ እናቱ ነገረን። ወላጆቹ ሜክሲኮ ከሚባል አገር ተሻግረው የመጡ ናቸው። ሥራ ሲበዛ ኑ ይሏቸዋል፤ አዝመራው ሲገባ በጭነት መኪና ጭነው ይመልሷቸዋል። የእናቱ መቆፈሪያ እጀታው ሆን ተብሎ አጭር ነው፤ ቀና ያለ ሰው ከሩቅ እንዲታወቅ። የሚጠጣ ውሃ እንኳ በልመና። እሱም በልጅነቱ ወይን ለቅሟል።

ይኼ ሁሉ አሜሪካ! እኔ እዚያ ሰው ሁሉ መኪና የሚነዳ ይመስለኝ ነበር።

ደግሞ ተናደድኩበት። እሱ ነገ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ እኛ የት እንሄዳለን? ታዲያ ምን አደረጋችሁ አልኩት። ለቃሚዎቹ ወይኑን ሐረጉ ላይ ትተው ተቀመጡ አለኝ። አሁንም እንቢ እንዳሉ ናቸው። ሸረፋ ሳቀ። እዚያ አሜሪካ ነው፣ እዚህ ባላባቱ ካባረረን ማደሪያ የለንም አለ። እውነቱን ነው። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሰማዩ ደመና። በርበሬው ቀልቷል፤ ዝናብ ከቀደመን ይበሰብሳል። ደምሴ እየተቁነጠነጠ ነው። እሰይ!

ጎረቤታችን እትዬ ዓለሚቱ ከጎኔ ትለቅማለች። ክርስቲያን ናት፣ ከንፈሯ በጥም ተሰነጣጥቋል። ያሰብኩትን ሹክ አልኳት። ሐሙስ ሁላችንም በእንስራ ውሃ አዝለን እንምጣ። ማሳው ዳር አስቀምጠን እንቀመጥ። በርሜሉ እስኪመለስ፣ ልጅ የሚያጠቡትም እጅ መታጠቢያ ጊዜ እስኪሰጣቸው አንዲት ፍሬ አንቁረጥ። ቀና ብላ አላየችኝም። «ልጄ፣ እስከዛሬ ምን ትጠብቂ ነበር?» አለች።

ቀትር ሳይሆን ወሬው መስመሩን ሁሉ ዞረ። ደምሴ ጆሮም ገባ። ማን ጀመረው? የሸረፋን እህት አውቃታለሁ፣ የሸረፋንም መሬት አውቀዋለሁ አለ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ቤት ውስጥ ጦርነት። ሸረፋ ነገ ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ አለኝ። ስለ መሬቱ ብሎ። መሬቱ ለማን ነው አልኩት፤ ለነስሩ አይደል? ዓይኑ ጠፍቶ ይውረስልህ? ክፉ ተናገርኩ። አይጸጽተኝም። ራህመት የልጁን ዓይን ለብ ባለ ውሃ ታጥባለች። ዛሬ ትንሽ ገለጥ ብሏል፣ አልሐምዱሊላህ፤ መግሉ ግን አለ። ሸረፋ አየው፣ አየው፣ ሳያፈጥር ወጣ።

ወስኛለሁ። ብቻዬንም ብሆን እሄዳለሁ። ደምሴ ማነው ካለ እኔ ነኝ እለዋለሁ። ከድጃ እባላለሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

ከጾሙ በፊት ስሑር በላን። ሸረፋ ቀድሞን ተነስቶ ወጣ። እንስራዬን ብፈልግ የለም። ደብቆታል! ደሜ ፈላ። ውጭ የሴቶች ድምፅ፤ እትዬ ዓለሚቱ፣ ሌሎችም፣ ብዙ ናቸው። ባዶ እጄንም ቢሆን ብዬ በሩን ከፈትኩ።

ሸረፋ ደጅ ቆሟል። እንስራውን ሞልቶ አዝሎታል። ወንድ ልጅ፣ እንስራ አዝሎ፣ በሴቶቹ መሃል! ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል። ይየው።

ይህችን ልጽፍልሽ ሮጬ ተመለስኩ። አሁን ምን ትሠሪያለሽ፣ ከበደኝ እኮ እያለ ይጮኻል። ልሂድ፣ ደብተርዬ፣ እየጠራኝ ነው።