ጭስ አልባ የሥጋ ማጨሻ ላጸደቀልኝ ኮሚቴ

ይድረስ ለክቡር አቶ ገሰሰ፣ የገርጂ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ጤናዎ በሰፈራችን እንደሚበቅሉት ፎቆች ከቀን ወደ ቀን ከፍ ይበል። እኔ ከሕንፃው ሥር ባለችው ሱቅ ሥጋ በጭስ አብስዬ በመሸጥ የምተዳደር፣ ውባንቺ የምባል ነዋሪዎ ነኝ። የማሽን ምርጫዬን ከእኔ ወስደው በኮሚቴ ስላስወሰኑልኝ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የመጀመሪያው ማጨሻዬ ከታመቀ ሰጋቱራ የተሠራ ፍሬ እያነደደ የሚሠራ ነበር። ጎረቤት ስላጉረመረመ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን እንድገዛ አዘዙ፤ ማዘዝ ብቻ ሳይሆን በሁዳዴ መካከል ኮሚቴውን አስከትለው ሻጩ ሙዘሚል ዘንድ ድረስ ሄደው መረመሩልኝ። ሙዘሚል ሥጋና የእንጨት ስንጣሪ ከትቶ ሊያሳያችሁ ቢልም፣ ጾም ነውና ሽታው እንኳ እንዳይደርሰን ብላችሁ ማሽኑን ባዶውን አስበራችሁት። ሞቀ፤ አልጨሰም። ወዲያውኑ «ጭስ አልባ» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ጸደቀ። ባዶ ድስት ጥዶ ወጡ አያቃጥልም ብሎ የሚፈርም ኮሚቴ ስላለን እጅግ ኮርቻለሁ።

2ኛ. ከፋሲካ በኋላ ሥጋውንም እንጨቱንም ስከትበት ማሽኑ የተሠራበትን ሥራ ሠራ፤ ጨሰ። አታለልሽን ተባልኩ። ክቡርነትዎ፣ ኤሌክትሪኩ እንጨቱን ያግላል እንጂ ጭሱን አይውጥም፤ ሥጋውም ያን ጣዕም የሚያገኘው ከጭሱ ነው። አሁን ደግሞ መብራት ሲጠፋ እንዳልቸገር ወደ ሰጋቱራው እንድመለስ መምከርዎን ሰምቻለሁ። ስለ ርኅራኄዎ አመሰግናለሁ፤ ሆኖም የእርሱም ፍሬ ወደ እሳቱ የሚገፋው በመብራት ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ይቆማሉ፣ ሲመጣ ሁለቱም ይጨሳሉ። ኮሚቴው በዚህ ምርጫ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳይሰበሰብ በትሕትና እለምናለሁ።

3ኛ. እኔ የጠየቅሁት በራሴ ወጪ፣ በጓሮ በኩል እስከ ጣሪያ የሚዘልቅ የጭስ ማውጫ ቧንቧ ብቻ ነበር። የሕንፃውን ውበት ያበላሻል ተባለ። ውበቱን ከዲሹና ከተሰጣው ብርድ ልብስ መካከል ብፈልገው እስካሁን አላገኘሁትም።

4ኛ. ከፊታችን የሚገነባው ፎቅ ሲሚንቶውን ሲነሰንስብን ልማት ነው፤ የእኔ ጭስ ግን ብክለት ነው። ልዩነቱን የሚያስረዳኝ ባለሙያ ቢመደብልኝ ደስ ይለኛል።

ቀልዱን ልተወውና፣ ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሱቁን እንድዘጋ የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሱቁ ከተዘጋ እኔም ሆንኩ አብራኝ የምትሠራው ሀይሚ ሌላ እንጀራ የለንም። ቧንቧው ቢፈቀድ ጭሱ ወደ ማንም መስኮት አይገባም፤ እኛም ሥራ አንፈታም።

ማኅተምዎ ቀለም እንዳያልቅበት፣ ስብሰባዎም ምልዓተ ጉባኤ እንዳይጎድለው እየተመኘሁ፣ ለወንበርዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ከነጥላሸቱ አቀርባለሁ።

ታዛዥ ነዋሪዎ
ውባንቺ፣ ገርጂ
ግንቦት 2006 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሸዋዬ ለልጃችሁ ሰርግ የላኩት ትዕዛዝ ደርሶኛል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። ሰርጉ እግድዎ ከሚጸናበት ቀን በኋላ ስለሚውል፣ ውሳኔዎን አክብሬ ምንም ጭስ ሳላስነካ በጥሬው አስረክባለሁ። የበሬ ሥጋ ቢሆን ኖሮ እንግዶቻችሁ በአዋዜ እያጣቀሱ በመረቁኝ ነበር፤ ያዘዙኝ ግን ዶሮ ነው።