ቁንጮ የፈለገው አሻንጉሊት

ማክሰኞ

አልፈረሙበትም። አለቃዬ አቶ ታምራት ጽሑፌን ሁለቴ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ነገር ግምገማ ላይ ቢነሳ ማን ነው መልስ የሚሰጠው? አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

ነገሩ ይሄ ነው። በቴሌቪዥን በምናቀርበው የልጆች ፕሮግራም ላይ ጢቢ የምትባል አሻንጉሊት አለች፤ ሰው ሁሉ ሴት ናት ብሎ ነው የሚያውቃት፣ ጸጉሯም እንደ ሴት ልጅ ጋሜ ነው። በአዲሱ ክፍል ጸጉር ቆራጩ ዘንድ ትሄድና «ጋሜዬን ላጭልኝ፣ ቁንጮ ተውልኝ፤ እኔ እኮ ወንድ ነኝ» ትላለች። ጸጉር ቆራጩም «እሺ ጎበዝ፣ ቁጭ በል» ይለዋል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም።

ደክሞኛል። መሥሪያ ቤታችን ካለበት ከባህል አዳራሽ እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ከሰው ጋር ማውራት አልፈለግሁም።

ረቡዕ

መብራት የለም፣ ፈረቃችን ነው። ክፍሉን ለማን እንደጻፍኩት ለአቶ ታምራት አልነገርኳቸውም፤ እዚህ ግን ልናገረው። ለእህቴ ልጅ ነው። ስምንት ዓመቱ ነው። ሲወለድ ሴት ብለን እልል አልን፤ እስከ ዛሬም ትምህርት ቤት የሚሄደው ቀሚስ ለብሶ ነው። እሱ ግን አፉን ከፈታ ጀምሮ ወንድ ነኝ ይላል። እህቴ ጸበል ወሰደችው። ጎረቤታችን ቸርች ወስደው አስጸለዩለት። የተለወጠ ነገር ቢኖር ዝምተኛ መሆኑ ነው።

እና እኔ ቅዳሜ ጢቢን እይ፣ ቁንጮ ይቆረጣል ብዬ ቃል ገባሁለት። ይሄ አፌ አያርፍም።

ሐሙስ

አቶ ታምራት መላ አገኙ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ፈሪ ናቸው። እኔስ ብሆን? «ቀረጻው ላይ የሚቀመጡት ልጆች ይሳቁበት። ከተሳቀበት ቀልድ ነው፤ ቀልድን ደግሞ ማንም አይገመግምም» አሉኝ።

ለቀረጻ እንደ ሁልጊዜው ከአዲስ ከተማ ሰፈር ልጆች አምጥተን ስቱዲዮው ወለል ላይ አስቀመጥናቸው። ጢቢ ወንድ ነኝ አለ። ማንም አልሳቀም። አንዲት ልጅ ብቻ «ምላጩ ያማል?» ብላ ጠየቀች። ይሄኔ አቶ ታምራት እጃቸውን አነሱና «በሉ ልጆች፣ አሁን ሳቁ» አሉ። ሳቁ። ታዞ የሚስቅ ልጅ ሳቅ ያስጠላል።

ዓርብ

ክፍሉን ከቅዳሜው ፕሮግራም ራሴ አወጣሁት። ሳቁ ካለበት ይቅር አልኩ። አቶ ታምራት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጎሽ፣ አርፈሽ እንጀራሽን ብዪ» አሉኝ። በቦታው የድሮው የጥርስ መቦረሽ ክፍል ይገባል። ደግ ሠራሁ፣ የእህቴን ልጅ ከሳቅ አዳንኩት እያልኩ ለራሴ ስነግር ዋልኩ።

ቅዳሜ

ጥርስ መቦረሹን ከእህቴ ልጅ ጋር አብረን አየን። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረ።

«ጢቢ ሳይቆረጥ ቀረ?»

ተቆርጦ እንደነበር፣ ልጆቹ ስለሳቁበት እንደተውኩት፣ እሱ እንዳይከፋው ብዬ እንደሆነ ነገርኩት።

«እኔ ላይ እኮ ሁሌም ይስቃሉ፣ አክስቴ» አለ። «ሲስቁበት ምን እንደሚላቸው ልሰማ ነበር።»

ጢቢ ምንም አይላቸውም፤ ምንም አልጻፍኩለትም። አንተ ብትሆን ምን ትላቸው ነበር አልኩት።

«አላውቅም። ለዚህ እኮ ነው የጠበቅኩት።»

ከሰዓት ጢቢ ለሚስቁበት የሚመልሰውን ልጽፍ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አቶ ታምራት እንደማይፈርሙ አውቃለሁ። ሦስት መስመር ጻፍኩ፣ ሦስቱንም ሰረዝኩ። ልጁ ሁለቴ በሩ ላይ መጥቶ አየኝ፤ መልሱ እስካሁን አልመጣልኝም።