አባቷ መጣ እንጂ አልመታም

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃውን ያስወጣሻል? ዓይንሽስ እንዴት ሆነ? እንቅልፍ የነሳሁሽ እኔ ነኝና ከሁሉም በላይ እንቅልፍሽን እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ድካሙ ግን ከእኔ አልፎ ለጫማዬም ተርፏል።

ይህን የሚያነብልሽ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ እንደሆነ አውቃለሁ። ጋሼ፣ አደራህን፣ አንዲት መስመር ሳትዘል ጮክ ብለህ አንብብላት።

እማዬ፣ ባለቤቴ አልመታኝም። ልጃችንንም አልመታም። በስልክ ልነግርሽ ስጀምር ለቅሶሽ ቀደመኝ፤ ስለዚህ በጽሑፍ አደረግሁት። ወረቀት ላይ ጠም ጠ ነው፣ ተም ተ ነው።

አንቺ ድንቢጥ ያልሻት ልጄ የራሷን ስም እንኳ «ድንቢት» ነው የምትለው። የዚህ አገር ሰዎች ጠ የሚባል ድምፅ የላቸውም፤ እሷም ጡት ከተወች ጀምሮ ውሎዋ ከልጆቻቸው ጋር ነው። አባቷ ሕንፃ የሚሠራው ሌላ ከተማ ስለሆነ የምናገኘው እሁድ እሁድ ብቻ ነው። ያን ቀን እኔ ልብስ ሳሰጣ እሷ ከአንቺ ጋር በስልክ እያወራች በሩ ሲከፈት ደስ ብሏት «አባዬ መታ!» አለችሽ። መጣ ማለቷ ነበር። አንቺ ደንግጠሽ «ሁልጊዜ ይመታል?» አልሻት። እሷ ደግሞ «ይመጣል?» ያልሽ መስሏት «እሁድ እሁድ ይመታል» ብላ አረፈች። እንግዲህ ምን ይባላል!

ጆሮዋን ታማ እንዳይሆን ብዬ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። መርፌ ሲወድቅ ትሰማለች አሉኝ። ለካ ጆሮ የሚለየው ያደገበትን ነው። እኔስ ብሆን? ሰባት ዓመት በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ስሠራ፣ አለቃዬ በቋንቋቸው «እጠፊው» እና «ተኩሺው» የሚልባቸውን ሁለት ቃላት እስከ ዛሬ አልለያቸውም። ለእሱ ሰማይና ምድር ናቸው፤ ለእኔ አንድ ናቸው። አፉን ትቼ እጁን እያየሁ ነው የምሠራው። ታዲያ ልጄን በምን አፌ ልቆጣት?

ጋሼ፣ አንተ ግን ለባለቤቴ ደውለህ «እጅህን ሰብስብ፣ ሰው የላትም መሰለህ?» አልከው። እሱን ታውቀዋለህ፣ ቃል ከአፉ በመከራ ነው የሚወጣው። በሚቀጥለው እሁድ መጥቶ እጁን ከካፖርቱ ኪስ ሳያወጣ ተቀመጠ። ድንቢጥ እቀፈኝ ብላ ስትዘል ወደኋላ አለ። ምነው ብለው፣ «እጄን ራሴው ፈራሁት» አለኝ። ሦስት እሁድ እንዲሁ አለፈ። ሥራው ያደቀቀኝ ሳያንስ ይህ ተጨመረበት፤ ቆሜ መተኮስ እንኳ ከበደኝ።

ባለፈው እሁድ ግን ካፖርቱን አውልቆ ልጅቷን ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት። ጣቶቿን ጉሮሮው ላይ አድርጎ «መታ» አለ፤ ቀጥሎ «መጣ»። «ጣ» ሲል ማንቁርቱ ዘለለ። ሳቀች፤ «ድገመው» አለችው። ደጋገመላት። ጆሮዋ አሁንም አልለየውም፤ ጣቷ ግን ለየው። ስድስት ቀን ሲሚንቶ የተሸከመ ሰው ነውና እያለላት እንቅልፍ ጣለው። እሷም ጣቷን ከጉሮሮው ሳታነሳ እስኪደግምላት ትጠብቀው ነበር።

ጋሼ፣ እሱ ይቅርታ ይጠይቀኝ አላለም። እኔ ግን ደውልለት እላለሁ።

የጋሼን ሚስት በርቺ በሉልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሙልኝ። አክስቴንም ሰላም በሏት፤ ወሬውን ሰምታ ከሆነ፣ ሰምታለችም፣ ባወራችበት ቤት ሁሉ ዞራ ታስተካክልልኝ። አንቺን እናቴን ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ልጅሽ

ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍላችን
የካቲት ፲፩ ቀን